ሲበዛም ጥፋት፥ ሲጠፋም ጥፋት
(የፎስፌት ነገር በመስተዋት ባሕር ውስጥ)

ከባሕር ጠረፍ ርቀው እየኖሩ ባሕርን በሳሎናቸው ውስጥ ያኖሩ ሰዎች በዓለም ላይ ጥቂቶች አይደሉም። በበርሊን ወይም በቺካጎ ከተማ ከእንደዚህ ያለ ሰው ቤት ቢገቡ፥ ከግድግዳው አጠገብ ሦስት መቶ ሊትር ያህል የጨው ውሃ የያዘ የመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ፥ በውስጡም ሐምራዊ፥ ብርቱካናማና አረንጓዴ ቀለም ያላቸው ኮራሎች እንደ አበባ ተዘርግተው፥ ትንንሽ ዓሦችም በመካከላቸው ሲሽሎከሎኩ ይታያሉ። ይህ የመስተዋት ባሕር አኳሪየም ይባላል። ለእንግዳ ዓይን የቤት ጌጥ ነው። ለባለቤቱ ግን ዕለት ዕለት ሚዛኑ የሚጠበቅ፥ ጥቂት ሳምንት ቸል ቢሉት የብዙ ዓመት ድካም የሚጠፋበት አንድ ትንሽ መንግሥት ነው።

በዚህ ትንሽ መንግሥት ውስጥ ጠባቂውን እጅግ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ፎስፌት የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ፎስፌት ምን እንደሆነ፥ ከየት እንደሚመጣ፥ በማጣሪያስ እንዴት ልክ እንደሚይዝ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት አስበናል። ምናልባት ጉዳዩ ትርፍ ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ያላቸው ሰዎች ጨዋታ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የመስተዋት ሣጥኑ ዛሬ ከባሕር ሊጠፉ የደረሱ የኮራል ዘሮች የሚጠለሉበት መርከብ ሁኗል። የፎስፌቱም ዋና ማጣሪያ በአገራችን ገበሬ ቀይ አፈር ውስጥ ያለው የብረት ዝገት ዓይነት መሆኑን ስንረዳ ነገሩ እንደሚመስለው ሩቅ አለመሆኑን እናያለን።

ኮራል ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ኮራል ላዩን ሲመለከቱት ድንጋይ ወይም አትክልት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እንስሳ ነው። አንዱ የኮራል ጉብታ ፖሊፕ የሚባሉ፥ አፍና ክንድ ያላቸው አያሌ ጥቃቅን እንስሳት በማኅበር የሚኖሩበት መንደር ነው። እነዚህ ፍጥረታት ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ይገነባሉ። አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ላይ እየሠራ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ መርከብ የሚሰብር ቋጥኝ ይሆናል። በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ታላቁ የኮራል አጥር የእነዚሁ ጥቃቅን ግንበኞች ሥራ ነው።

በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌ ማለት በኩሬና በወንዝ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሁኖ ከምናየው አሙለጭላጭ ነገር ጀምሮ እስከ ረጃጅሙ የባሕር ሣር ድረስ ያለው፥ በብርሃን የሚኖር የውሃ ፍጥረት ወገን ነው። በኮራሉ ውስጥ ያለው አልጌ ከብርሃን ምግብ እየሠራ ለኮራሉ ይሰጣል፤ ኮራሉም በበኩሉ መጠለያና ከሰውነቱ የሚወጣውን ትራፊ ይሰጠዋል። ኮራል አብዛኛውን ቀለቡን የሚያገኘው ከዚሁ ጉርብትና ነው። «ኮራሉ ነጣ» የሚባለውም ይህ ጎረቤቱ ጥሎት ሲሄድ ነው፤ በጊዜው ካልተመለሰም ኮራሉ በረኃብ ይሞታል።

ቻርልስ ዳርዊን ስለ ኮራል ቋጥኞች አሠራር በ1842 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የባሕር ሊቃውንት በእርሱ ስም የሚጠሩት አንድ እንቈቅልሽ አለ። ኮራል የሚበዛበት የሞቃት አገር ባሕር ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የጠራበትም ምክንያት በውስጡ ያለው ምግብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ታዲያ በዚህ የውሃ በረሓ መካከል ያን ያህል ሕይወት እንዴት ሊበዛ ቻለ? ከመልሱ ዋናው ክፍል በቁጠባ ላይ የተመሠረተ ነው። የቋጥኙ ነዋሪዎች ያለችውን ጥቂት ንጥረ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀባበሉ ደጋግመው ይሠሩባታል። በኮራል ቋጥኝ አካባቢ ባለው ውሃ የሚገኘው ፎስፌት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ከ0.02 ሚሊግራም በታች ነው። አንድ ሚሊግራም የአንድ ግራም ሺኛ ክፍል መሆኑን ስናስብ ኮራል ምን ያህል በጥቂቱ መኖር የለመደ ፍጥረት እንደሆነ እንገነዘባለን።

ፎስፌትስ ምንድን ነው?

በ1669 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ሄኒግ ብራንት የሚባል ሰው ከሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ብዙ ሽንት አጠራቅሞ ሲያፈላ፥ ወርቁን ሳያገኝ ቀርቶ በጨለማ የሚያበራ አንድ እንግዳ ነገር አገኘ። ይህም ነገር በግሪክ ቋንቋ «ብርሃን ተሸካሚ» ማለት የሆነውን ፎስፎረስ የሚለውን ስም አገኘ። ፎስፎረስ በተፈጥሮ ውስጥ ብቻውን አይገኝም። አንዱ የፎስፎረስ አቶም ከአራት የኦክሲጅን አቶሞች ጋራ ሲጣመር ፎስፌት ይባላል።

ፎስፌት የሌለበት ሕይወት የለም። የአጥንታችንና የጥርሳችን ጥንካሬ፥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር ጽሕፈት፥ ሰውነታችን ኃይል የሚያስተላልፍበት መንገድ፥ ይህ ሁሉ በፎስፌት ላይ የቆመ ነው። አሜሪካዊው የባሕር ሊቅ አልፍሬድ ሬድፊልድ በ1934 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በውቅያኖስ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት ንጥረ ነገሮችን ተቀራራቢ በሆነ መጠን የያዙ መሆናቸውን ገልጧል። ዛሬ በስሙ የሚታወቀው ልክ ለ106 የካርቦን አቶም 16 ናይትሮጅንና 1 ፎስፎረስ ነው። እንግዲህ ፎስፎረስ ከሦስቱ ጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ይህ አንዱ ከጎደለ የቀሩት መቶ ሃያ ሁለቱ ሥራ ይፈታሉ።

የፎስፌት በር ዓሣው የሚመገብበት በር ነው

በባሕር ውስጥ ማዕበሉና ሞገዱ ትራፊውን ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ግን የገባ ነገር መውጫ የለውም። ፎስፌቱ የሚገባው በዋነኛነት ከዓሣ ቀለብ ጋራ ነው። ይህንን በቀላል ሒሳብ እንየው።

ደረቅ የዓሣ ቀለብ ከክብደቱ ወደ 1 በመቶ የሚሆን ፎስፎረስ አለበት እንበል። አንድ ግራም ቀለብ 10 ሚሊግራም ፎስፎረስ ይይዛል ማለት ነው፤ ከኦክሲጅኑ ጋራ ሁኖ ወደ ፎስፌት ሲመነዘር 30 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ይህ አንድ ግራም በ300 ሊትር ውሃ ውስጥ ተበልቶና በስብሶ ቢያልቅ፥ የውሃውን ፎስፌት በአንድ ሊትር 0.1 ሚሊግራም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በባሕር ካለው ልክ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ መሆኑ ነው፤ ያውም የአንድ ቀን ቀለብ ብቻ! ከዚህ ውስጥ ከፊሉ በዓሣው አጥንትና ሥጋ፥ ከፊሉም በአልጌና በባክቴሪያ ይወሰዳል፤ የቀረው ግን በየቀኑ እየተከማቸ ይሄዳል።

ሁለተኛው በር ውሃው ራሱ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የእርሳስ ቱቦ ወደ ውሃው እንዳይሟሟ ሲባል በቧንቧ ውሃ ላይ ጥቂት ፎስፌት ይጨመራል። ይህ ለሰው ጤና የሚጠቅም ሥራ ነው፤ ለኮራል ግን አይስማማም። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠባቂዎች የቧንቧውን ውሃ በግፊት እጅግ በጠበበ ወንፊት አጣርተው ከባሕር ጨው ጋራ ይበጠብጡታል። ሦስተኛው በር ድንጋዩ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲበዛ የሚያደርሰው ጉዳት

ፎስፌት ሲበዛ በመጀመሪያ የሚታየው የአልጌ መብዛት ነው። መስተዋቱ ይደበዝዛል፤ ድንጋዩ ጠጉር መሰል አረንጓዴ ይለብሳል፤ አልጌውም ብርሃኑንና ቦታውን እየተሻማ ኮራሉን ያፍነዋል። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ያለውም አልጌ ከልክ በላይ ይባዛና ያ ያማረ ቀለም ወደ ቡናማነት ይለወጣል።

በዓይን የማይታየው ጉዳት ግን ከዚህ ይብሳል። ፎስፌት የኖራውን ግንብ ሥራ ያስተጓጕላል። አዲሱ የኖራ ቅንጣት ሊቀመጥበት በሚገባው ገጽ ላይ ፎስፌቱ ቀድሞ ይለጠፍበታል፤ ግንበኛው ድንጋዩን ሊያኖር ሲል ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንደሚያገኝ ማለት ነው። በአውስትራሊያ ታላቅ የኮራል አጥር ውስጥ ዋን ትሪ በምትባል ደሴት፥ ሊቃውንት በአንድ የቋጥኝ ክፍል ላይ ለብዙ ወራት ፎስፌትና ናይትሮጅን ጨምረው የደረሱበትን ውጤት በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። የኖራው ሥራ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። በዚያው ደሴት ከ1993 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሰፊ ምርመራ ደግሞ ጉዳቱ እንደ ኮራሉ ዓይነትና እንደ ተጨመረው መጠን የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ይህም ለሁሉ የሚስማማ አንድ ቁጥር አለመኖሩን ያስረዳል። ቢሆንም ዛሬ ልምድ ያላቸው ብዙ ጠባቂዎች ፎስፌቱን በአንድ ሊትር ከ0.02 እስከ 0.1 ሚሊግራም ባለው ክልል ውስጥ ለማኖር ይጥራሉ።

ዝገቱ መድኃኒት የሆነበት ታሪክ

ኮራልን በሣጥን ውስጥ በሕይወት የማቆየት ጥበብ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በኢንዶኔዥያ በጃካርታ ከተማ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር ከነነዋሪዎቹ የወጣ «ሕይወት ያለው ድንጋይ» በሣጥኑ ውስጥ አድርጎ፥ በአየር አረፋ ብቻ ውሃውን እያንቀሳቀሰ ኮራልና ዓሣ እንደሚያኖር በ1961 እ.ኤ.አ. በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ጽፎ ነበር። ከዚያም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የበርሊን ሰዎች ይህንኑ ድንጋይ ከብርቱ መብራትና ከአረፋ ማጣሪያ ጋራ አዋሕደው «የበርሊን ዘዴ» የተባለውን አሠራር አስፋፉ። የአረፋ ማጣሪያ ማለት ጥቃቅን የአየር አረፋ በቱቦ ውስጥ እያስነሣ፥ ገና ያልበሰበሰውን ቆሻሻ በአረፋው ላይ አጣብቆ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በስብሶ ወደ ፎስፌት የተለወጠውንና በውሃው የሟሟውን ለመያዝ አረፋው ደካማ ነው። ይህ ጕድለት የተሞላው በሌላ መንገድ፥ ማንም ባላሰበው በኩል ነው።

በ1990ዎቹ በበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መርዛማው አርሴኒክ ከመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚወገድበትን ዘዴ ሲመራመሩ፥ የብረት ዝገት ዓይነት የሆነውን የብረት ሃይድሮክሳይድ በትንንሽ ፍሬ መልክ ማዘጋጀት ቻሉ። አርሴኒክ በኬሚስትሪው ሠንጠረዥ ላይ ከፎስፎረስ በታች የሚገኝ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያላቸውም ጠባይ ይመሳሰላል። አርሴኒኩን የያዘው ዝገት ፎስፌቱንም እንደሚይዝ ግልጽ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይህ ቀይ ቡናማ ፍሬ በየአኳሪየም ዕቃ መሸጫው ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬው እንደ ስፖንጅ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ጥሩ ዓይነት ከሆነ በአንዲት ግራም ውስጥ ያለው ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል፤ አንድ መኖሪያ ቤት ከነግቢው የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ያለው ብረት ከፎስፌቱ ኦክሲጅን ጋራ በቀጥታ ይጣመርና አጥብቆ ይይዘዋል። ቦታው ሁሉ ሲያዝ ፍሬው ሥራውን ይፈጽማል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ቀይ አፈር ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ገበሬው ፎስፌት ያለበትን ማዳበሪያ በዚህ አፈር ላይ ሲበትን፥ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ከፊሉን ቀድሞ ይይዘውና ሰብሉ ሳያገኘው ይቀራል። የእርሻ መምህራን «አፈሩ ፎስፌቱን አሠረው» የሚሉት ይህንን ነው። እንግዲህ ያው አንዱ የዝገት ጠባይ ለበቆሎው ረኃብ፥ ለኮራሉ ደግሞ ጥጋብን የሚከላከል ዘበኛ ሁኗል። ነገር ሁሉ መልካም ወይም ክፉ የሚባለው በቦታውና በልኩ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌሎቹ መንገዶች

ከብረቱ ሌላ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ፍሬ አለ። ርካሽና ለአያያዝ የሚቀል ነው፤ ነገር ግን ጥቂት አሉሚኒየም ወደ ውሃው ሊለቅ ስለሚችል አንዳንድ ለስላሳ ኮራሎች በዚህ ምክንያት ሲኰማተሩ ታይተዋል። ላንታነም ክሎራይድ የሚባለው ደግሞ ፍሬ ሳይሆን ፈሳሽ ነው። ከፎስፌቱ ጋራ ሲገናኝ ወዲያው ነጭ ደቃቅ ዝቃጭ ይሆናል። ትላልቅ የሕዝብ አኳሪየሞች፥ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂዎችም ይሠሩበታል። ዝቃጩ ግን በጥሩ ወንፊት ካልተያዘ የዓሣውን ስንጥብ ሊጎዳ ስለሚችል ለጀማሪ የሚመከር አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ጠላትን በጠላት መያዝ ነው። ይኸውም ከዋናው ሣጥን አጠገብ በሌላ ሣጥን ውስጥ ሆን ብሎ አልጌ ማብቀል፥ አልጌውም ፎስፌቱን በልቶ ሲያድግ እያጨዱ መጣል ነው። ዋልተር ኤዲ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈተውን የኮራል ገንዳ በዚሁ በአልጌ አጨዳ ዘዴ አኑረውት ነበር።

ሳይለኩ መድኃኒት መስጠት አይገባም

ማንኛውም ማጣሪያ ከመጨመሩ በፊት ውሃው መለካት አለበት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የፎስፌት መለኪያ መርፊና ራይሊ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ1962 እ.ኤ.አ. ካወጡት ዘዴ የመጣ ነው። በአሲድ ውስጥ ሞሊብዴት የሚባል ንጥረ ነገር ከፎስፌቱ ጋራ ይጣመራል። ከዚያም በሎሚና በብርቱካን ውስጥ የምናውቀው ቪታሚን ሲ ሲጨመርበት ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊነቱ በደመቀ መጠን ፎስፌቱ የበዛ ነው። ቀለሙን በዓይን ብቻ መገመት ግን በዚህ ጥቃቅን መጠን ላይ ያሳስታል፤ ስለዚህ ብርሃን በውሃው ውስጥ አሳልፎ በቁጥር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ይመረጣል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አንዳንዱ መሣሪያ የሚያነበው ፎስፌቱን ሳይሆን ፎስፎረሱን ብቻ ነው። ለምሳሌ መሣሪያው 20 ቢል በሊትር 20 ማይክሮግራም ፎስፎረስ ማለቱ ነው። ይህ በ3.066 ሲባዛ 61 ማይክሮግራም፥ ማለትም 0.061 ሚሊግራም ፎስፌት ይሆናል። ቁጥሩን ከነመለኪያው ሳያነብ የሚፈርድ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሳሳታል።

ፍሬው በሣጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ደቃቁ ዝገት እስኪወጣለት ድረስ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከዚያም በወንፊት ከረጢት ወይም ውሃ ከሥር ወደ ላይ በሚያልፍበት ቱቦ መሰል ዕቃ ውስጥ ይደረጋል። በቱቦው ውስጥ ፍሬው እንደሚፈላ ሽሮ መንተክተክ የለበትም፤ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናልና። ከላይ ያለው ብቻ ዝግ ብሎ ቢንቀሳቀስ ይበቃል። መጠኑን በተመለከተ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻጩ በማሸጊያው ላይ ከጻፈው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ማድረግ፥ በየሁለትና በየሦስት ቀኑም መለካት ይገባል። ፍሬው ማለቁ የሚታወቀው በቀን ቈጠራ አይደለም። ወደ ቱቦው የሚገባውና ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ለየብቻ ይለካሉ። የሚወጣው ከሚገባው ያነሰ ፎስፌት ካለው ፍሬው ይሠራል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ መለወጥ አለበት።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ፎስፌቱ በበዛበት ዘመን ከውሃው እየሳበ በላዩ ላይ ያከማቻል። ባለ 300 ሊትሩን ሣጥን ከ0.3 ወደ 0.1 ለማውረድ ከውሃው ውስጥ የሚወጣው ፎስፌት 60 ሚሊግራም ብቻ ነው። ማጣሪያው ይህንን በአጭር ጊዜ ያወጣዋል። ነገር ግን ውሃው ሲጠራ ድንጋዩ ያከማቸውን መመለስ ይጀምርና ቁጥሩ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይወጣል። ጀማሪው «ማጣሪያው አልሠራም» ብሎ በአንድ ጊዜ እጥፉን ይጨምራል። ማጣሪያው ግን ሠርቷል፤ ያልተከፈለው የድንጋዩ ዕዳ ነው። ለብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ዕዳም የሚከፈለው ቀስ በቀስ፥ በሳምንታትና በወራት ነው።

ሲጠፋ የሚያደርሰው ጉዳት

በዚህ ቦታ ላይ ነው ብዙ ትጉህ ሰዎች የተሰናከሉት። ፎስፌት ጠላት ነው ከተባለ፥ ፈጽሞ ማጥፋት ድል ይመስላል። መሣሪያው ዜሮ ሲያነብ ደስ ይላል። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ኮራሎቹ ይገረጣሉ፤ የቅርንጫፋቸው ጫፍ ሥጋው እየተላጠ ነጭ አጥንት ይወጣል። በአልጌው ፋንታም ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ልጋግ ድንጋዩንና አሸዋውን ሊወርስ ይችላል። ከእነዚህም አንዳንዱ ዓይነት መርዘኛ ነው።

በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ምክንያቱን ለመረዳት ይጠቅማል። ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጎድል፥ በኮራሉ ውስጥ ያለው አልጌ መባዛቱን ይቀጥላል፤ ነገር ግን የሰውነቱን ሽፋን በሚገባ የሚሠራበት ፎስፎረስ ያጣል። እንዲህ የተራበው አልጌ ሙቀትና ብርሃን ሲበረታበት ቶሎ ይጎዳል፤ ኮራሉም ይነጣል። ስለዚህ ጠባቂው ፎስፌቱን ብቻውን ሳይሆን ከናይትሬቱ ጋራ እያስተያየ መመልከት አለበት።

ፍጥነትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በ0.3 ለብዙ ወራት የኖረ ኮራል ያንን ኑሮ ለምዶታል። ትርፉ በሦስት ቀን ውስጥ ሲነጠቅበት፥ የወረደበት ቁጥር በራሱ መልካም ቢሆን እንኳ፥ ለውጡ ሊገድለው ይችላል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በዚህም ላይ ይሠራል። ማጣሪያ ከመጨመር በፊት የሚታሰበውም በር መጠበቅ ነው። ቀለቡ ዓሣው በልቶ በሚጨርሰው ልክ ይሁን፤ በበረዶ የቈየው የዓሣ ቀለብ የሟሟበት ውሃ አብሮ አይግባ፤ የበሰበሰ ነገር በጊዜው ይወገድ። በበሩ የሚገባው ሳይቀነስ በማጣሪያ ብቻ የሚታገል ሰው፥ ቀዳዳ እንስራ እየሞላ እንደሚደክም ሰው ነው።

ከሳሎን እስከ ባሕር

ይህ ሁሉ ዕውቀት ለሳሎን ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ፥ በማያሚ አካባቢ፥ የድንጋያማ ኮራሎችን ሥጋ እየላጠ የሚገድል አዲስ በሽታ ታየ። በሽታውም ከዓመት ወደ ዓመት በፍሎሪዳ የኮራል ቋጥኝ ሁሉ ላይ ተስፋፋ። ዘራቸው ፈጽሞ እንዳይጠፋ፥ ገና ያልታመሙት ኮራሎች ከባሕር እየወጡ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍላተ ግዛት ወደሚገኙ አኳሪየሞችና የእንስሳት መጠበቂያዎች ተላኩ። በነሐሴ ወር 2019 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ አኳሪየም የምሰሶ ኮራል የሚባለውን፥ ከዚያ ጠረፍ ሊጠፋ የደረሰውን ዓይነት፥ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለማራባት በቃ። ለዚህም ሥራ ኮራልን በገንዳ ውስጥ የማራባት ልምድ ካለው በለንደን ከሚገኘው ከሆርኒማን ሙዚየም ጋራ ተባብሮ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት ደግሞ የፍሎሪዳ ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ፥ በባሕር ውስጥ የተተከሉ የኮራል ችግኞች በአስቸኳይ ወደ የብስ ገንዳዎች ተወስደዋል።

እንግዲህ አንድ ዘር በባሕር ሲያልቅ የቀረው በጥቂት ገንዳዎች ውስጥ ነው እንበል። በዚያን ጊዜ ፎስፌቱን በየቀኑ የሚለካው ወጣት ሠራተኛ ጌጥ አይደለም የሚጠብቀው። በእጁ ያለው የማጣሪያ ፍሬ አንድ እፍኝ ቢበዛ ወይም ቢያንስ የሚጎዳው፥ ለሺህ ዘመናት የቆየ ፍጥረት የመጨረሻ ቅሪት ሊሆን ይችላል።

ከገንዳው ውጭ ባለው ባሕር ደግሞ ማጣሪያ ማስገባት አይቻልም፤ የሚቻለው በሩን መጠበቅ ብቻ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤል አገር፥ በቀይ ባሕር ጫፍ በኤላት ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዓሣ በመረብ ጎጆ የሚረባበት ድርጅት ነበር። የዓሣው ቀለብና ትራፊ የኮራሉን ቋጥኝ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም በሚለው ላይ ሊቃውንትና ባለሥልጣኖች ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፥ ጎጆዎቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ከባሕሩ ተነሥተዋል። ሦስት መቶ ሊትር ውሃ የሚጠብቀው ሰው ሲያስብበት የሚውለው ጥያቄና በዚያ ላይ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ያህል ይግባ፥ ምን ያህልስ ይውጣ የሚል ነው።

ተማሪውም ሆነ ሥራ የጀመረው ወጣት ሹም ከዚህች የመስተዋት ባሕር የሚያገኘው ትምህርት አለ። ሳይለካ አይፍረድ፤ ቁጥሩንም ከነመለኪያው ያንብብ። ችግሩን ከውጤቱ ሳይሆን ከበሩ ይያዘው። መድኃኒቱን በጥቂቱ ጀምሮ፥ ውጤቱን አይቶ፥ እንደገና ይጨምር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዜሮ የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ ድል አለመሆኑን ይወቅ። ኮራል የሚኖረው በጥቂቱ ነው፤ ያለዚያች ጥቂት ግን አይኖርም።